የኩላሊት እጥበትና የደም ቅዳ ቧንቧዎች መጠጠር

እ.ኤ.አ. በ1960 ዶክተር ቤልዲንግ ስክሪብነር በሲያትል ከተማ ክንድ ላይ ተተክሎ የሚቆይ የቴፍሎን ቱቦ ሥራ ላይ ካዋሉ ወዲህ፣ ኩላሊታቸው ሥራ ያቆመ ሕሙማን በእጥበት ለዓመታት መኖር ችለዋል። ይሁን እንጂ ከዚያችው ከተማ እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣ ጥናት 39 የእጥበት ሕሙማንን መርምሮ፣ ከሞቱት መካከል ከግማሽ የሚበልጡት ሕይወታቸው ያለፈው በደም ቅዳ ቧንቧዎች በሽታ ሳቢያ መሆኑን አመለከተ። ከዚያ ጀምሮ አንድ ጥያቄ ሲያከራክር ቆይቷል፦ የጉዳቱ ምንጭ የኩላሊት በሽታው ብቻ ነው ወይስ ሕክምናውም ድርሻ አለው?

ብዙዎቹ ሕሙማን እጥበት የሚጀምሩት የስኳር በሽታና የደም ግፊት ቧንቧዎቻቸውን ከጎዱ በኋላ ነው። በዚህ ላይ የደከመው ኩላሊት ያላስወገደው ፎስፌት በደም ውስጥ ይከማቻል። ፎስፌት ሲበዛ በቧንቧው ግድግዳ መካከለኛ ንብርብር የሚገኙ የጡንቻ ሕዋሳት ጠባያቸውን ለውጠው አጥንት ገንቢ ሕዋሳትን መምሰል ይጀምራሉ፤ ግድግዳውም ካልሲየም እየተከማቸበት ይጠጥራል። በሳምንት ሦስት ጊዜ ለአራት አራት ሰዓት የሚደረግ እጥበት ከምግብ የሚገባውን ፎስፌት አሟልቶ አያስወግድም። ስለዚህ ይህ ጉዳት እጥበት የፈጠረው ሳይሆን እጥበት ያላስቀረው ነው።

ከሕክምናው ሊመጣ የሚችለው ጉዳት በሦስት መንገድ ይገለጻል። አንደኛ፣ በእጥበት ፈሳሹ ውስጥ ያለው ካልሲየም ከፍ ሲል ወይም ፎስፌትን ለመቀነስ የሚዋጠው መድኃኒት ካልሲየም ሲይዝ፣ በሰውነት ውስጥ የሚቀረው ካልሲየም ይጨምራል። ሁለተኛ፣ ደም ከማጣሪያው ጋር መነካካቱና የውኃው ንጽሕና መጓደሉ የቧንቧዎቹን ውስጣዊ ገጽ የሚጎዳ ብግነት ሊቀሰቅሱ ይችላሉ። ሦስተኛ፣ ፈሳሽ በፍጥነት ሲወጣ የደም ግፊት ይወርዳል፤ ቧንቧዎቹ ቀድመው በጠጠሩበት ሰው ላይ ደግሞ ወደ ልብ ጡንቻ የሚደርሰው ደም ይበልጥ ይቀንሳል።

በሽታው ከተለመደው የስብ ክምችት የተለየ ገጽታ እንዳለው የመድኃኒት ሙከራዎችም ይጠቁማሉ። ውጤታቸው እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2009 የታተመ ሁለት ሰፋፊ ሙከራዎች የእጥበት ሕሙማንን ኮሌስትሮል በአቶርቫስታቲንና በሮሱቫስታቲን ቢቀንሱም፣ በዋና ዋናዎቹ የልብና የደም ሥር አደጋዎች ላይ ጉልህ ቅናሽ አላሳዩም።

በኢትዮጵያ ብዙ ሕሙማን በወጪ ምክንያት በሳምንት ሁለት ጊዜ ብቻ ይታጠባሉ። በሁለቱ እጥበቶች መካከል የሚከማቸው ፎስፌትም ሆነ በአንድ ጊዜ መውጣት ያለበት ፈሳሽ በዚያው ልክ ይበዛል። እጥበት ለእነዚህ ሕሙማን የሕይወት ጉዳይ በመሆኑ፣ ተመራማሪውን ሊያሳስበው የሚገባው አሰጣጡ ነው፤ የካልሲየሙ መጠን፣ የፈሳሹ አወጣጥ ፍጥነትና የውኃው ጥራት በሐኪሙና በሕክምና ማዕከሉ እጅ ያሉ ነገሮች ናቸውና። የበሽታውንና የሕክምናውን ድርሻ ለመለየትም የቧንቧዎቹ ሁኔታ እጥበት ከመጀመሩ በፊት ተለክቶ መመዝገብ ይኖርበታል።