ቤት ሲዘጋ ገመና ተከፈተ!

አብረናቸው የምንኖረውን ሰዎች በእርግጥ እናውቃቸዋለን? እስኪ አስቡት... አባት ጠዋት ይወጣል፣ እናት ትወጣለች፣ ልጅ ወደ ትምህርት ቤቱ ይሮጣል። ማታ እራት ላይ ተገናኝተን ‹‹እንዴት ዋላችሁ?››፣ ‹‹ደህና እደሩ›› ተባብለን እንለያያለን። እንዲህ ስንል ሃያ ዓመት ያልፋል! አንድ ቀን ግን በሩ ይዘጋና ሁላችንም እዚያው ውስጥ እንቀራለን። ያኔ ነው ጉዱ!

እኛ ቤት ይህ የሆነው በ2012 ዓ.ም. ነው። ኮሮና አገራችን መግባቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን፣ ዓርብ ዕለት ነበር። የአዲስ አበባ ሰው ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ሲሻማ፣ እማዬም ሁለት ፌስታል ሞልታ ገባች። ሰኞ ትምህርት ቤት ተዘጋ። ብዙም ሳይቆይ እኔ ከነሻንጣዬ ከዩኒቨርሲቲ ተመለስኩ። እማዬ የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆነች ቤቷ ሆና እንድትሠራ ተነገራት። አባዬ ደግሞ የቱሪስት መኪና ሾፌር ነበር፤ ፈረንጅ ሲጠፋ ቁልፉን አስረክቦ ገባ። አያቴ፣ ታላቅ ወንድሜና የስድስተኛ ክፍሉ ማሙሽ ሲጨመሩ፣ ስድስት ነፍስ በአንድ ባለ ሁለት መኝታ የኪራይ ኮንዶሚኒየም!

የጫጉላው ወር

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ ደስ ይል ነበር። ቡና በቀን ሦስቴ ይፈላል። ማሙሽ የቴሌቪዥን ትምህርቱን ሲከታተል አባዬ አብሮት እጁን ያወጣል። ሰው ጋ በደወልን ቁጥር ስልኩ ራሱ ‹‹እጃችሁን ታጠቡ›› እያለ ይመክረናል። ውኃው ግን በፈረቃ ነው! ስለዚህ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ጀሪካን መሸከም፣ ከባልዲ በጣሳ እየቀዱ መታጠብ... አያቴ ‹‹እኛን የሚገድለን በሽታው አይደለም፣ ጀሪካኑ ነው›› ይሉ ነበር።

መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ መከልከሉን አያቴ ሲሰሙ፣ ‹‹እኛ ስድስት ነን፤ የትኞቻችን እንውጣ?›› አሉ። በሳቅ ፈነዳን። ሳቁ የዘለቀው ግን እስከ ትንሣኤ ብቻ ነው። ሚያዝያ 11 ዋዜማ ሌሊቱን አያቴ ነጠላቸውን አጣፍተው ለብሰው፣ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆመው ቅዳሴ አስቀደሱ። ‹‹የትንሣኤን ሌሊት እቤቴ አድሬ አላውቅም›› አሉና እንባቸው ወረደ። ከዚያ በኋላ ቤቱ ድባቡ ተለወጠ።

በሩ ተንኳኳ

አባዬ ሌላ ሰው ሆነ። መብራቱ ለምን በራ? ሻይ ውስጥ ሁለት ማንኪያ ስኳር ማን አስለመዳችሁ? ሳሙናውን ማን ጨረሰው? በማይረባው ሁሉ ይጮኻል። እኛ ‹‹ቤት መዋል ሰልችቶት ነው›› እያልን እናልፈዋለን። ድርጅቱ ግማሽ ደመወዝ እንደሚከፍለው ስለነገረን ሌላ አልጠረጠርንም።

ሰኔ መጀመሪያ ላይ አንድ እሁድ በር ተንኳኳ። ማስክ ያደረጉ አንድ ሰውዬ ናቸው፤ የአባዬ የእቁብ ዳኛ! እማዬ ከፈተችላቸው። ‹‹ባለቤትሽ ሁለት ወር ሙሉ አልጣለም። ሰዉ እያጉረመረመ ነው፤ ዋሱን ከምንይዝ ብዬ ነው የመጣሁት›› አሏት።

እቁብ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ዕጣ ቀድሞ የወጣለት ሰው የወሰደው የሌሎቹን ብር ነው፤ እስከ መጨረሻው ካልጣለ ከኋላው ያሉት ይጎዳሉ። ለአባዬ የወጣለት የካቲት ላይ ነበር፤ ብሩንም ለስድስት ወር የቤት ኪራይ ቅድሚያ ከፍሎበታል። ግማሽ ደመወዝ የተባለው ደግሞ ከሚያዝያ ጀምሮ ቀጥ ብሏል። ለካ አስቤዛ ብሎ ለእማዬ የሚሰጣት ከጓደኞቹ የተበደረውን ነው!

እማዬ አልጮኸችም። ‹‹የብሩ ጉዳይ አይደለም›› አለችው፤ ‹‹ሃያ ስድስት ዓመት አብሬህ ኖሬ፣ ችግርህን ከእቁብ ዳኛ ልስማ?›› ከዚያ ዝም። ዘጠኝ ቀን!

‹‹ማሙሽ፣ ለአባትህ ምሳ ቀርቧል በለው።››

አባትየው እኮ አጠገቧ ተቀምጧል!

‹‹አባዬ፣ ምሳ ቀርቧል ተብለሃል።››

‹‹አልራበኝም በላት።››

በስድስተኛው ቀን ማሙሽ ‹‹እኔ ስልክ ነኝ እንዴ?›› ብሎ ማንኪያውን ወርውሮ አለቀሰ። በዚያ ቀን ምሳውን ማንም አልበላም።

ኩርፊያውን የሰበረው ለቅሶ ነው። በዘጠነኛው ቀን የእማዬ የሥራ ባልደረባ ባል ሞተ። ድንኳን የለ፣ እድርተኛ አይሰበሰብ፣ ተቃቅፎ ማልቀስ የለ። እማዬ ከአጥር ማዶ ቆማ ለብቻዋ አልቅሳ ተመለሰች። ጫማዋን በር ላይ አወለቀች፣ እጇን ታጠበች፣ ከዚያ ቀጥ ብላ አባዬ ጋ ሄዳ ‹‹ምሳ በልተሃል?›› አለችው። በመልእክተኛ አይደለም፣ በራሷ አፍ! አባዬ ‹‹አልበላሁም›› ሲል ድምፁ ተሰበረ።

ደብተር አምጪ!

የዚያን ዕለት ማታ አያቴ ሁላችንንም ሰብስበው ‹‹ደብተር አምጪ›› አሉኝ። ‹‹እያንዳንድሽ ያለብሽንና የሚገባልሽን ተናገሪ፤ ይቺ ትጽፋለች።›› የእማዬ ደመወዝ ተጻፈ። ወንድሜ ከሞባይል ጥገና የሚያገኛት ተጻፈች። የአባዬ እዳ በየስሙ ተዘረዘረ። አያቴ ራሳቸው ለቀብራቸው ቋጥረው ያስቀመጧትን ብር አስመዘገቡ። ‹‹ለቀብሬ አሁን ሰው አይመጣም፤ እንግዲህ ለቁማችን እንብላት›› አሉ። ያላለቀሰ አልነበረም።

ከዚያ ሥራ ተከፋፈልን። የእማዬ የስፌት መኪና ከቁምሳጥን ላይ ወረደ፤ እሷ የጨርቅ ማስክ ትሰፋለች፣ እኔ ላስቲኩን እገጥማለሁ፣ ወንድሜ ሱቁ በር ላይ ይሸጣል። ለአባዬ አንድ ዘመዳችን ሚኒባስ ሊሰጠው ፈቀደ። በዚያን ጊዜ ታክሲ በግማሽ ወንበር፣ በእጥፍ ታሪፍ ነው የሚጭነው። አባዬ ግን ኮራ። ‹‹ላሊበላ ድረስ ፈረንጅ ያመላለስኩ ሰውዬ፣ ‹ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ!› የሚል ረዳት ይዤ ልዙር?›› አያቴ ምን ቢሉት ጥሩ ነው? ‹‹መሪው እንደሆነ ያው ክብ ነው፣ ልጄ።›› በነጋታው ወጣ። እቁብተኛውም ግማሽ ግማሹን እየጣለ እንዲጨርስ ፈቀደለት።

ሁሉ ነገር ተስተካከለ እያልኩ አይደለም። ማሙሽ በዚያ ዓመት ያመለጠውን ትምህርት ለማካካስ ብዙ ተቸግሯል። ጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነት ሲነሳ ቱሪስቱም እንደጠፋ ቀረ፤ ድርጅቱም አባዬን ዳግም አልጠራውም። መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ልክ በዓመቱ፣ ክትባት አገራችን ውስጥ መሰጠት ሲጀመር የእኛ የእዳ ዝርዝር አሁንም ሁለት ስም ይቀረው ነበር። ቢሆንም ደብተሩ አልተዘጋም። ዛሬም ወር በገባ በመጀመሪያው እሁድ፣ ከቡና ጋር ይቀርባል።

ታዲያ ምን ይሻላል?

እናንት ወጣቶች! በሽታው ሌላ ቀን በሌላ ስም ሊመጣ ይችላል፤ ሥራ ማጣት ደግሞ በሽታ አይጠብቅም። ስለዚህ ከኛ ቤት ይህን ውሰዱ፦

1. የቤታችሁን ገቢና ወጪ እወቁ። ‹‹የወላጆቼ ጉዳይ ነው›› አትበሉ። ልጅ ሲያውቅ ጫማ መጠየቁን ያዘገያል፤ ሳያውቅ ግን አባቱን ጨካኝ ያደርገዋል።

2. ለሁለት ሰው ጠብ ሦስተኛ ሰው መልእክተኛ አይሁን፤ በተለይ ሕፃን። ማሙሽ እስከ ዛሬ ‹‹በላት›› የሚል ቃል ሲሰማ ይከፋዋል።

3. እቤት ለዋለ አባት ኃላፊነት ስጡት። ሥራ ያጣ ሰው የሚያመው ኪሱ ብቻ አይደለም። ቤቱ ውስጥ ማንም ምንም የማይጠይቀው ከሆነ፣ ያኔ ነው የሚታመመው።

4. ጠባብ ቤት ውስጥ ለእያንዳንዱ ሰው ‹‹የራሱ ሰዓት›› ይኑረው። እኛ በረንዳዋን በሰዓት ተከፋፍለናት ነበር፤ ብዙ ጠብ አስቀርታልናለች።

ከሁሉም በላይ ግን ይህን ያዙ፦ ሰው ስለ ስኳር ሲጮኽ፣ ነገሩ የስኳር ላይሆን ይችላል። ‹‹ምን ሆነሃል?›› ለማለት ደግሞ የእቁብ ዳኛ እስኪመጣ መጠበቅ የለባችሁም።

ቸር እንሰንብት!