የምንልከው ብር በዛ፤ ለምን አልበቃ አለ?



ለምክር ወደ እኔ የምትመጡት ስለ ማዳም ብቻ ልታወሩኝ አይደለም። ብዙዎቻችሁ «የምልከው ብር በዝቷል፤ ቤተሰቦቼ ግን አልበቃንም ይላሉ» ትሉኛላችሁ። እኔም በሰው ቤት ስሠራ ደመወዜን በብር እያባዛሁ እቆጥር ስለነበር ጥያቄው ይገባኛል። መልሱን ለማግኘት ሁለት ትልልቅ ድርጅቶችን ማወቅ ይጠቅማል።

ሁለቱም እንዲቋቋሙ የተወሰነው እ.ኤ.አ. በ1944 አሜሪካ ውስጥ ብሬተን ዉድስ በተባለ ቦታ ነው። ከተሰበሰቡት 44 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። የዓለም ባንክ ለመንገድ፣ ለመብራት፣ ለትምህርትና ለመሳሰሉት ያበድራል፤ ለድሃ አገሮች በእርዳታ መልክም ይሰጣል። ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት፣ አይ ኤም ኤፍ የሚባለው፣ አንድ አገር ነዳጅና መድኃኒት የምትገዛበት ዶላር ሲያጥራት ያበድራል። ገንዘቡን ግን አንዴ አይሰጥም፤ አገሪቱ የተስማማችበትን ለውጥ መፈጸሟን እያየ በየጊዜው ይለቃል። እንደ እድራችን ሁሉም እኩል ድምፅ የለውም፤ ብዙ ያዋጣ ብዙ ድምፅ አለው፤ ትልቁ ድምፅ የአሜሪካ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንካችን የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን አደረገ። በዚያው ቀን አይ ኤም ኤፍ ለአራት ዓመት የሚለቀቅ 3.4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ብድር አጸደቀ። የዓለም ባንክም 1.5 ቢሊዮን ዶላር ፈቀደ። 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ።

እስቲ እናስላው። የሳዑዲ ሪያል ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፤ አንድ ዶላር 3.75 ሪያል። ስለዚህ 1,000 ሪያል 267 ዶላር ገደማ ይሆናል። ዶላሩ በ57 ሲመነዘር 15,200 ብር ገደማ ነበር፤ በ100 ሲመነዘር 26,700 ብር ገደማ ሆነ። ሪያልሽ ግን ያው ነው፤ ድካምሽም ያው ነው።

ለውጡን የሚደግፉ ሰዎች፣ ቀድሞ የባንኩ ዋጋ ከጥቁር ገበያው በጣም ያንስ ስለነበር በባንክ የሚልክ ይጎዳ እንደነበር ያስረዳሉ፤ እውነት አላቸው። የሚቃወሙት ደግሞ ዘይት፣ ነዳጅ፣ ማዳበሪያና መድኃኒት በዶላር ስለሚገቡ የዋጋው ጭማሪ አስቀድሞ ድሃውን ይመታል ይላሉ፤ እነሱም እውነት አላቸው። እናትሽ «አልበቃንም» ስትል ገንዘብሽ ባክኗል ብለሽ አትቸኩዪ። መጀመሪያ የገበያውን ዋጋ ጠይቂያት።

ሦስት ነገር እመክራለሁ፦

1. ከመላክሽ በፊት የዕለቱን ምንዛሬና የመላኪያውን ክፍያ በሁለት ሦስት ቦታ አወዳድሪ፤ ደረሰኝሽን ያዢ።

2. ከቤተሰብ ጋር ስትነጋገሪ «ስንት ብር» ብቻ አትበሉ። የቤት ኪራዩን፣ ጤፉን፣ የልጁን ትምህርት በስም ጥሩና ተስማሙ።

3. ሁሉንም አትላኪ። ብር ሲወርድ በብር የተቀመጠ ቁጠባ አቅሙ ይቀንሳል። በራስሽ ስም በውጭ ምንዛሬ ሒሳብ መክፈት ትችዪ እንደሆነ ባንክሽን ጠይቂ።

አገር ከአበዳሪዎቿ ጋር ስትዋዋል እኛን ማንም አይጠይቀንም። በየወሩ በእጃችን የሚገባውን ሪያል እንዴት እንደምንከፍለው ግን የምንወስነው እኛው ነን።