«ጠፋ» ከማለታችን በፊት፦ ስለ ተበላሸ ሃርድ ዲስክና ስለ ቤተሰብ ፎቶግራፎች



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ከቤተ ሙከራ ይልቅ ለቤተሰብ ሳሎን የቀረበ ነው። ባልደረቦችና ተማሪዎች አልከፈት ያለ ሃርድ ዲስክ ይዘው በየጊዜው ወደ እኔ ይመጣሉ። የጥናት ጽሑፍ የቀረበት ሰው ከብዙ ድካም በኋላ እንደገና ሊጽፈው ይችላል። ያረፈች እናት ፎቶግራፍ ግን ዳግመኛ አይነሣም። በብዙ ቤት የወረቀቱ ፎቶግራፍ ስካን ከተደረገ በኋላ አልበሙ ለዘመድ አዝማድ ተከፋፍሏል፤ የቅርብ ዓመታቱ ደግሞ መጀመሪያውኑ ወረቀት ላይ አልታተመም። ስለዚህ የአንድ ቤተሰብ ታሪክ ሙሉ ሆኖ የሚገኘው በአንድ ትንሽ ሣጥን ውስጥ ብቻ ይሆናል።

ሁሉም የሚናገሩት ቃል አንድ ነው፦ «ጠፋ»። አማርኛችን መብራት ሲጠፋ፣ ዕቃ ሲጠፋ፣ መንደርም በጎርፍ ሲጠፋ በዚሁ በአንድ ግስ ይገለገላል። የሃርድ ዲስክ ብልሽትም እነዚህ ሦስት ትርጉሞች አሉት። የትኛው እንደ ደረሰብን ሳንለይ የምንወስደው እርምጃ፣ ሊድን የሚችለውን ፎቶግራፍ ለዘለዓለም ሊያሳጣን ይችላል። የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

በቅድሚያ ስለ መሣሪያው ጥቂት ልበል። አይቢኤም በ1956 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው የመጀመሪያው የዲስክ ማከማቻ 50 ሳህኖች ነበሩት፤ የሚይዘውም 5 ሚሊዮን ያህል ፊደላትን፣ ማለትም ከአንድ የዛሬ የስልክ ፎቶግራፍ ብዙም የማይበልጥ መረጃ ነበር። የዛሬው ሃርድ ዲስክ መሠረታዊ አሠራሩ ከዚያው አልራቀም። ማግኔታዊ ቅብ ያላቸው ሳህኖች በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ ይሽከረከራሉ፤ በክንድ ጫፍ ላይ ያለው ማንበቢያ ደግሞ ከሳህኑ በጥቂት ናኖሜትር ርቀት ላይ ይንሳፈፋል። የሰው ፀጉር ውፍረት በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ናኖሜትር እንደሚለካ ስናስብ፣ ክፍተቱ ምን ያህል ጠባብ እንደ ሆነ እንረዳለን። ማንበቢያው ሳህኑን ከነካ ቅቡን ይፍቃል፤ ከቅቡም ጋር ፎቶግራፉን።

አንደኛው መጥፋት እንደ መብራት መጥፋት ነው። ገመዱ፣ የኃይል ማስተላለፊያው፣ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳው፣ ሞተሩ ወይም ማንበቢያው ተበላሽቷል፤ በሳህኑ ላይ የተጻፈው ግን ባለበት አለ። ዲስኩ እንግዳ ድምፅ የማያሰማ ከሆነ ገመዱን መለወጥና በሌላ ኮምፒውተር መሞከር ተገቢ ነው። «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ተደጋጋሚ ድምፅ ከተሰማ ግን ወዲያውኑ ኃይሉን ማቋረጥ ይገባል፤ «እስቲ አንዴ ልሞክር» የምንልበት እያንዳንዱ ሙከራ ሳህኑን ሊቧጥጥ ይችላልና። ሣጥኑን በቤት ውስጥ መፍታትም አደገኛ ነው፤ አንዲት የአቧራ ቅንጣት ከዚያ ክፍተት እጅግ ትበልጣለች፤ ስለዚህም ባለሙያዎች ይህን ሥራ የሚሠሩት አየሩ በተጣራ ክፍል ውስጥ ነው። ዲስኩን በማቀዝቀዣ ውስጥ ማስቀመጥ መፍትሔ ነው የሚለው ወሬም በሳህኑ ላይ እርጥበት እንዲቋጥር ከማድረግ የዘለለ ጥቅም የለውም።

ሁለተኛው እንደ ዕቃ መጥፋት ነው፤ ዕቃው አለ፣ ያለበት ቦታ ግን አይታወቅም። ፋይል ሲሰረዝ ወይም ኤሌክትሪክ በጽሕፈት መካከል ሲቋረጥ የሚጎዳው ብዙውን ጊዜ ማውጫው ነው። መጻሕፍቱ በመደርደሪያ ላይ ሳሉ የካርድ ማውጫው የተቃጠለበትን ቤተ መጻሕፍት አስቡ። በዚህ ጊዜ ኮምፒውተሩ «ዲስኩ ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ «አይደረግ» ነው። የማዳኛ ፕሮግራሙንም በዚያው ዲስክ ላይ መጫን አይገባም፤ አዲስ የሚጻፈው የሚያርፈው በአሮጌው ፎቶግራፍ ላይ ሊሆን ይችላል።

ትክክለኛው ቅደም ተከተል የዲስኩን ሙሉ ቅጂ ወደ ሌላ ጤነኛ ዲስክ ማውጣት፣ ከዚያም በቅጂው ላይ ብቻ መሥራት ነው። ዲዲሬስኪው የተባለው ነፃ ፕሮግራም ለዚህ የተዘጋጀ ነው፤ በቀላሉ የሚነበቡትን ክፍሎች አስቀድሞ ይቀዳል፣ አስቸጋሪዎቹን መዝግቦ በኋላ ይመለስባቸዋል። ቀጥሎ ፎቶሬክ የተባለው ፕሮግራም ማውጫውን ትቶ የፎቶግራፎቹን መነሻ ይፈልጋል፤ የጄፔግ ፋይሎች ሁሉ የሚጀምሩት በተመሳሳይ ባይቶች ነውና። የፋይሎቹ ስምና የአቃፊዎቹ አደረጃጀት አይመለሱም፤ ሆኖም ካሜራው በፎቶግራፉ ውስጥ የመዘገበው ቀን ብዙ ጊዜ ስለሚገኝ፣ በዘመን ቅደም ተከተል መደርደር ይቻላል።

ሦስተኛው መንደር በጎርፍ እንደሚጠፋ ያለ ነው። በፎቶግራፉ ቦታ ሌላ መረጃ ከተጻፈ ወይም ቅቡ ከተፋቀ የሚመለስ ነገር የለም። ኤስኤስዲ በተባለው አዲሱ የማከማቻ ዓይነት ይህ ሳናውቀው ሊደርስ ይችላል፤ ትሪም በተባለው አሠራር ኮምፒውተሩ የተሰረዘውን ቦታ ለማከማቻው ያስታውቃል፣ ማከማቻውም በራሱ ጊዜ ያጸዳዋል። እዚህ ላይ ቁርጡን የሚነግረን ባለሙያ ተስፋ ከሚሸጥልን ይሻለናል።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ከዲስክ ላይ የፈሰሰ ግን ሁልጊዜ አይለቀምም። ስለዚህ አበው እንዳሉት ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ መጠንቀቅ ይበጃል። ፎቶግራፍ አንሺው ፒተር ክሮግ ያስተዋወቀው ደንብ አጭር ነው፦ 3 ቅጂ፣ በ2 ዓይነት ማከማቻ፣ 1 በሌላ ስፍራ። ብዙ ቤተሰቦቻችን በአዲስ አበባ፣ በዋሽንግተንና በጅዳ ተበትነው ይኖራሉ፤ ይህ መራራቅ ለዚህ ጉዳይ ሀብት ነው። ባሕር ማዶ ያለች እህት ዘንድ የሚቀመጥ አንድ ዲስክ ሦስተኛውን ሁኔታ ያሟላል። ነገር ግን ስልክን ከበይነ መረብ ማከማቻ ጋር ማመሳሰል ብቻውን መጠባበቂያ አይሆንም፤ ከአንዱ የተሰረዘው ከሌላውም ሊሰረዝ ይችላልና።

ቅጂ መኖሩም ብቻውን አይበቃም፤ መከፈቱ መፈተሽ አለበት። «ቶይ ስቶሪ 2» የተባለው ፊልም በመሠራት ላይ ሳለ አንድ የተሳሳተ ትእዛዝ አብዛኛውን የፊልሙን ፋይል ሰረዘ፤ መጠባበቂያው ሲታይም በአግባቡ እንዳልሠራ ተገኘ። ሥራውን ያዳነው ልጅ ወልዳ ከቤቷ ትሠራ የነበረች ባልደረባ በቤቷ ኮምፒውተር የያዘችው ቅጂ ነበር። ያን ያህል ባለሙያና ገንዘብ የነበረው ተቋም ከዚህ ካላመለጠ፣ እኛም ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ቅጂዎቻችንን ከፍተን ማየት ይገባናል።

እንግዲህ ዲስክ ሲበላሽ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ማቆም፣ ከሦስቱ የትኛው እንደ ሆነ መለየት፣ መቅዳት፣ በቅጂው ላይ መሥራት። ዲስካችሁ ዛሬ ጤነኛ ከሆነ ደግሞ ከእነዚህ የሚያስፈልጋችሁ አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም መቅዳት።