ሊሾው የተነሣለት ግቢ

ጭቃን ለመሸሽና ለመኪና ማቆሚያ እንዲመች ተብሎ ከአጥር እስከ ደጃፍ በሲሚንቶ ሊሾ የተለበጠውን የአዲስ አበባ ግቢ ገልጦ ዳግመኛ ሣር ሊያለብሰው የሚነሣ ሰው፣ ድካሙ ሊሾው በመዶሻና በድጅኖ እስኪፈርስ ብቻ ይመስለዋል፤ ዋናው ሥራ ግን የሚጀመረው ፍርስራሹ ተጠርጎ ከወጣ በኋላ ነው።

ከሊሾው ሥር ድንጋይ፣ ከድንጋዩም ሥር ተደልድሎና ተጠቅጥቆ እንደ ጡብ የጠነከረ ገረጋንቲ አለ፤ ከዚያ በታች ለብዙ ዘመን ዝናብና ነፋስ ተከልክሎ የኖረው ጥቁር መሬት ይገኛል። ዶማ ሲያርፍበት እንደ ቅርፊት ይላጣል እንጂ አይፈረፈርም፤ ሽታውም ክረምት የነካው አፈር ሽታ ሳይሆን ተዘግቶ የከረመ ጎተራ ሽታ ነው። ጠባዩን ለመፈተን የሚሻ፣ አንድ ክንድ የሚጠልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ ማታ ውሃ ይሙላበት፤ ውሃው ጧት እዚያው ቆሞ ከተገኘ፣ ከላይ የሚደፋው መልካም አፈር ሁሉ በገንዳ ውስጥ እንደ ተቀመጠ ይቆጠራል።

እኔ ይህን ሁሉ ቸል ብዬ፣ በመጀመሪያው ክረምት ከገረጋንቲው ላይ ግማሽ ስንዝር የማይሞላ ቀይ አፈር አልብሼ ሣር ተከልሁበት። እስከ መስከረም ልምላሜው መንገደኛን የሚያስቆም ነበረ፤ ዝናቡ ቀርቶ ኅዳር ሲገባ ግን ሥሩ የሚወርድበት ስላልነበረው እንደ ገለባ ነጣ።

እንግዲህ ገረጋንቲው ተዝቆ ይወጣል፤ የታችኛውም መሬት 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ተቆፍሮ ይገለበጣል። የሲሚንቶው ፍርፋሪ፣ አሰልቺ ቢሆንም፣ በእጅ መለቀም ይገባዋል፤ የኖራ ጠባይ ስላለው ሣሩ ከአፈሩ ብረት እንዳይስብ ያግደዋልና፣ ቅጠሉም ቢጫ ይሆናል። በአፈሩ የሚጨመረው ፍግ የበሰለ ይሁን፤ ትኩሱ ያቃጥላል። ተዳፋቱም ከቤቱ መሠረት ወደ ውጭ፣ በየሜትሩ አንድ ወይም ሁለት ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበል።

የሣሩ ምርጫ በሰርዶና በኪኩዩ መካከል ነው። ኪኩዩ ስሙን ከኬንያ ሕዝብ ቢወስድም ለእኛም ደጋ ባዕድ አይደለም። ሰርዶ ግን፣ አህያ እንኳ «እኔ ከሞትሁ አይብቀል» ያለችለት፣ ፀሐይን የሚወድና ጥላን የሚጠላ፣ ከየአንጓው ሥር እየሰደደ የሚሮጥ ሣር ነው። ሊቃውንት የዕለተ ሠሉስን ፍጥረት በእጅ የሚለቀም፣ በማጭድ የሚታጨድ፣ በምሳር የሚቆረጥ ብለው ይከፍሉታል፤ ሰርዶን ከአትክልት መደብ ነቅሎ ለመጨረስ የደከመ ሰው ግን በየትኛው ክፍል እንደሚመድበው ሳይቸግረው አይቀርም። ያ እልኸኛነቱ ነው ለባዶ ግቢ የሚፈለገው።

ተከላው በሰኔ ነው። ሁለት ሦስት አንጓ ያለው ቁራጭ፣ በስንዝር በስንዝር ርቀት፣ ጫፉ ብቻ ብቅ እንዲል ሆኖ ይቀበራል፤ ዝናቡ አንድ ቀን ቢያረፍድ ጧትና ማታ ይጠጣል። እስኪይዝ ድረስ እግር አይርገጠው፤ ሕፃናት ባሉበት ቤት ይህን ማስከበር ከቁፋሮው ይልቅ ይከብዳል።

በሁለተኛው ሙከራዬ ሣሩ በነሐሴ መጨረሻ ተገናኘ። ሥሩ እንዳይደነግጥ ከቁመቱ ሲሶውን ብቻ አጨድሁ፤ የመጀመሪያው እቅፍ ለጎረቤት በግ ተላከ፤ በጉም አንድ ጭራሮ ሳያስቀር በላው።