የጡት ካንሰርን ለመከላከል ምግብ፣ እንቅስቃሴና ክኒን ምን ያህል ይረዳሉ?



በየማኅበረ ምእመናኑ በምንሰጠው የጤና ትምህርት ስለ ጡት ካንሰር የሚነሣው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ይኸውም «ምን ብንበላ፣ ምን ብንወስድ ይህ በሽታ አይነካንም?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። የጡት ካንሰር በዓለምም ሆነ በአገራችን ሴቶችን ከሚይዙት የካንሰር ዓይነቶች ሁሉ በብዛት የመጀመሪያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ 2.3 ሚሊዮን ያህል ሴቶች በዚህ በሽታ መያዛቸው ታውቋል፤ በዚያው ዓመት 670,000 ያህል ሴቶች ሞተውበታል።

መልሱ በአጭሩ ይህ ነው፦ አደጋውን የሚቀንሱ ነገሮች አሉ፤ ፈጽሞ የሚያስቀር ግን የለም። ይህን ለይቶ ማወቅ የሚጠቅመው ለምን እንደሆነ ከዚህ በታች እንገልጻለን።

በሽታው ከምን ጋር ይያያዛል?

በሴት ሰውነት ውስጥ ኤስትሮጅን የሚባል ሆርሞን አለ። የጡት ሴሎች እንዲያድጉና እንዲባዙ የሚያደርገው በአብዛኛው እርሱ ነው። ይህ ሆርሞን ለብዙ ዓመታት በብዛት ሲኖር ሴሎቹ ወደ ካንሰር የመለወጣቸው ዕድል ይጨምራል። የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ ደግሞ ኤስትሮጅን በአብዛኛው የሚሠራው በሰውነት ስብ ውስጥ ነው። ስለዚህ በዚያ ዕድሜ ከመጠን በላይ መወፈር አደጋውን ከፍ ያደርገዋል። ምግብና እንቅስቃሴ ከሚረዱባቸው ዋና መንገዶች አንዱ ይህ ነው።

ሀ. ምግብ

ከጡት ካንሰር የሚያድን አንድ ልዩ ምግብ የለም። በአሜሪካ 48,835 ሴቶች በተካፈሉበት ጥናት አንደኛው ወገን ቅባት እንዲቀንስ፣ አትክልትና ፍራፍሬ እንዲጨምር ተደረገ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2006 ሲገለጽ በዚያ ወገን በሽታው በጥቂቱ ቢያንስም፣ ልዩነቱ በአጋጣሚ የመጣ ሊሆን እንደሚችል ታወቀ። ቢሆንም ጎመን፣ ምስር፣ ሽሮና እንጀራ የሚዘወተርበት ማዕድ ክብደትን በልክ ለመያዝ ይረዳል። በከተማ የተለመዱት ለስላሳ መጠጥና ኬክ ግን በተቃራኒው ያወፍራሉ።

አልኮል አደጋውን እንደሚጨምር በሚገባ ተረጋግጧል። በየቀኑ 10 ግራም አልኮል፣ ማለትም አንድ ትንሽ ብርጭቆ ወይን ያህል፣ የምትጠጣ ሴት ከማትጠጣዋ ይልቅ አደጋዋ ከ7 እስከ 10 በመቶ ከፍ ይላል። ጠላ፣ ጠጅ፣ አረቄና ቢራ ሁሉ በዚህ ውስጥ ይገባሉ።

ጡት ማጥባትም ሊዘነጋ አይገባም። በ30 አገሮች የተደረጉ 47 ጥናቶች ተጠቃለው እ.ኤ.አ. በ2002 እንደታየው፣ እናት ባጠባችበት በእያንዳንዱ 12 ወር አደጋዋ 4.3 በመቶ ይቀንሳል። ልጅን ሁለት ዓመት የማጥባት ልማዳችን ለሕፃኑ ብቻ ሳይሆን ለእናቲቱም ጥቅም ነው።

ለ. የሰውነት እንቅስቃሴ

ሰውነታቸውን የሚያንቀሳቅሱ ሴቶች ከማይንቀሳቀሱት ይልቅ በሽታው ያነሰ ይይዛቸዋል። የዓለም የጤና ድርጅት የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ነው። ይህም በሳምንት አምስት ቀን ለግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ እንደ መራመድ ነው። ቢሮ ተቀምጣ የምትውል እኅት ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድማ ብትወርድ ገንዘብ ሳታወጣ ልትፈጽመው ትችላለች። በገጠር የምትኖረውን፣ ውኃ ከወንዝ ቀድታ እንጨት ተሸክማ የምትመለሰውን እናት ግን «ስፖርት ሥሪ» ብንላት ትስቅብናለች፤ እውነትም አላት። የፕሮጀክት ሠራተኞች ትምህርቱን እንደ ሰሚው ኑሮ እንዲሰጡ እናሳስባለን።

ሐ. የቫይታሚን ክኒኖች

ብዙ ገንዘብ በከንቱ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው። በ36,282 ሴቶች ላይ የካልሲየምና የቫይታሚን ዲ ክኒን ተሞክሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 እንደተገለጸው የጡት ካንሰርን አልቀነሰም። ክኒን ሊጎዳም ይችላል። ካሮትን ብርቱካናማ የሚያደርገው ቤታ ካሮቲን የሚባለው ንጥረ ነገር በፊንላንድ አገር ሲጋራ ለሚያጨሱ ወንዶች በክኒን ሲሰጥ ይጠቅማል ተብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 ውጤቱ ሲታይ ግን ክኒኑን በወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር 18 በመቶ ጨምሮ ተገኘ። ካሮቱ ከነሙሉነቱ ምግብ ነው፤ ከውስጡ አንዱን ነገር አውጥቶ በብዛት መዋጥ ግን ሌላ ነገር ነው።

ይህን ስንል ጤና ጣቢያ የሚሰጠውን እንተው ማለታችን አይደለም። ለነፍሰ ጡሮች የሚታደለው የብረትና የፎሊክ አሲድ ክኒን፣ ለሕፃናት የሚሰጠው ቫይታሚን ኤ ጥቅማቸው የታወቀ ስለሆነ በምንም ምክንያት ሊቋረጡ አይገባም። እዚህ የምንናገረው ካንሰርን ይከላከላል ተብሎ ስለሚሸጠውና ዘመድ ከውጭ አገር ስለሚልከው ጠርሙስ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው

የጡት ካንሰር ከያዛቸው ሴቶች ግማሽ ያህሉ ሴት ከመሆናቸውና ዕድሜያቸው ከመግፋቱ በቀር ሌላ የተለየ ምክንያት አይገኝባቸውም። ጎመን የምትበላ፣ መጠጥ የማትቀምስ፣ ልጆችዋን ሁሉ ያጠባች እናት ልትታመም ትችላለች። ስለዚህ የታመመችን እኅት «ምን በልተሽ ነው? ምን አድርገሽ ነው?» ማለት ሐሰትም ጭካኔም ነው። ይህን ነቀፋ ፈርታ እብጠትዋን የምትደብቅ ሴት ሕክምናዋ ይዘገይባታል።

በአገራችን ብዙዎች ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት በሽታው ከተስፋፋ በኋላ ነው። አንዱ ምክንያት እብጠቱ በመጀመሪያ ብዙ ጊዜ የማያም መሆኑ ነው። በጡት ወይም በብብት ሥር ጠጠር ያለ እብጠት፣ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ መግባት ወይም ደም ማውጣት፣ ቆዳው እንደ ብርቱካን ልጣጭ መሆን ከታየ ሳይዘገዩ መመርመር ያስፈልጋል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ዕቅድ ምልክት ያየች ሴት ሐኪም ዘንድ ከቀረበች በ60 ቀን ውስጥ በሽታዋ ተለይቶ እንዲታወቅ አሳስቧል።

እንግዲህ ማኅበረ ምእመናን ለክኒን የሚያዋጡት ገንዘብ ካለ ለአንዲት እናት የሆስፒታል መሄጃ ትራንስፖርት ቢያውሉት ይሻላል። አብሯት የሚሄድ ሰውም ይመደብላት። እንጸልይላት፤ ጸሎታችን ግን ወደ ሐኪም ቤት የሚያደርሳት እንጂ የሚያዘገያት አይሁን።