መውጫው ተጽፏል፤ መመለሻውስ?

ከኮምቦልቻ ተነስቶ ደሴን፣ ወልዲያንና አላማጣን አቋርጦ መቐለ የሚገባውን አስፋልት ታውቁታላችሁ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ በትግራይ ኃይሎች እጅ ገቡ፤ ኅዳር 27 ቀን መንግሥት መልሶ እንደያዛቸው አስታወቀ። በመሃሉ፣ ጥቅምት 23 ቀን፣ በመላ አገሪቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ነበር። ልክ በዓመቱ፣ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ የፌዴራል መንግሥትና ሕወሓት ጦርነቱን ለማቆም ፕሪቶሪያ ላይ ተፈራረሙ።

ተኩሱ ቆመ። ከዚያስ? ከማዕከላዊው መንግሥት ጋር የተዋጋ ክልል "ተመለሰ" የሚባለው መቼ ነው? መንገዱ ሲከፈት? መብራት ሲመጣ? ወይስ ፓርላማ ውስጥ ያሉት ወንበሮቹ ሲሞሉ? ጥያቄው የሕግ ነው፣ እኔ ደግሞ የምህንድስና ሰው ነኝ። ግን ደረጃ በደረጃ ስትከታተሉት ወደ እኛ ዘርፍ ይጠጋል፦ የትኛው ሥራ ከየትኛው ይቀድማል?

እስቲ ሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 39 ላይ ክፈቱት። ንዑስ አንቀጽ 4 አንድ ብሔር መገንጠል ቢፈልግ ምን እንደሚደረግ ይዘረዝራል። የብሔሩ ሕግ አውጪ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጠይቃል፤ የፌዴራል መንግሥት በ3 ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ያዘጋጃል፤ አብላጫው ከደገፈው ሥልጣን ይተላለፋል። የንብረት ክፍፍሉ ሳይቀር ታስቦበታል! አሁን ደግሞ ከማዕከል ጋር ተዋግቶ የቆየ ክልል እንዴት እንደሚመለስ ፈልጉ። አታገኙትም።

ትግራይ በአንቀጽ 39 መንገድ አልሄደችም። በኮቪድ ምክንያት አገራዊው ምርጫ ሲራዘም ክልሉ ጳጉሜን 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የራሱን ምርጫ አካሄደ። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ምርጫውን እንዳልተካሄደ ቆጠረው፤ ቀጥሎም የፌዴራል ተቋማት ከክልሉ ምክር ቤትና ካቢኔ ጋር ግንኙነት እንዲያቋርጡ ወሰነ። ጦርነቱ የተጀመረው ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። በሕግ ዓይን ክልሉ ከፌዴሬሽኑ አልወጣም። በመብራት ሰው ቋንቋ ብናስቀምጠው፣ መስመሩ አልተነቀለም፣ ብሬከሩ ግን ወርዷል።

ጨለማ የዋጠውን ሰፈር መልሶ ማገናኘት ቀላል ነው፤ ብሬከሩን ታነሳላችሁ፣ አለቀ። ተቆርጦ ሳለ በራሱ ጄኔሬተር ሲሠራ የቆየውን ግን እንዲያ ማድረግ አይቻልም። የሁለቱ ወገን ቮልቴጅ፣ ፍሪኩዌንሲና ፌዝ ሳይገጣጠም ብሬከሩ ቢነሳ ማሽኑ ይሰበራል። የራሱ ምክር ቤት፣ ጸጥታ ኃይልና ጦር ያለው ክልልም እንደዚያው ነው። የሚገርመው፣ እውነተኛው ሽቦ በፍጥነት ነው የተቀጠለው፦ መቐለ ከብሔራዊው የኤሌክትሪክ መረብ ጋር የተገናኘችው በኅዳር 2015 ዓ.ም. ነው፤ የአየር መንገዱ በረራም ታኅሣሥ 19 ቀን ቀጠለ። ከፊርማው ሁለት ወር እንኳ አልሞላም። የሕጉ መስመር ነው ያልተቀጠለው።

ሕጉ በእጁ የነበረው መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 359/1995 ነው። ይህ አዋጅ የፌዴራል መንግሥት በክልል ጣልቃ የሚገባበትን ሥርዓት የሚደነግግ ሲሆን፣ ሕገ መንግሥታዊ ሥርዓቱ አደጋ ላይ ከወደቀ የፌዴሬሽን ምክር ቤት የክልሉን ምክር ቤት አግዶ ጊዜያዊ አስተዳደር እንዲቋቋም ማድረግ ይችላል። ልብ በሉ፣ አዋጁ ስለ መግባት እንጂ ስለ መታረቅ አይናገርም። በ2013 ዓ.ም. ጊዜያዊ አስተዳደር የተሾመው በዚሁ ነበር፤ የፌዴራል ጦር ሰኔ 21 ቀን መቐለን ሲለቅ እሱም አከተመ።

ፕሪቶሪያ በዚያ ላይ ሌላ ነገር ጨመረ፦ ቅደም ተከተል። ሕወሓት ትጥቅ ይፈታል፤ መንግሥት የአሸባሪነት ፍረጃው እንዲነሳ ያመቻቻል፤ ፍረጃው በተነሳ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁሉን አካታች ጊዜያዊ አስተዳደር ይቋቋማል፤ እሱም በምርጫ ቦርድ የበላይነት ምርጫ እስኪካሄድ ይቆያል። የመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች ሠርተዋል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፍረጃውን ያነሳው መጋቢት 13 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው፤ በማግስቱ አቶ ጌታቸው ረዳ የጊዜያዊ አስተዳደሩ ፕሬዚዳንት ሆነው ተሾሙ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተያዘ። ምርጫ ቦርድ የሕወሓትን ምዝገባ በጥር 2013 ዓ.ም. ሰርዞ ነበር። ፍረጃው ሲነሳ ፓርቲው የድሮ ሕጋዊ ሰውነቴ ይመለስልኝ አለ፤ ቦርዱ ሕጉ አይፈቅድም አለ። በ2016 ዓ.ም. ሕጉ ተሻሽሎ በልዩ ሁኔታ ቢመዘገብም ፓርቲው "እንደ አዲስ" መመዝገቡን አልተቀበለም፤ በግንቦት 2017 ዓ.ም. ምዝገባው ዳግም ተሰረዘ። ማሽኑ ያው ነው፣ ጠቡ በሴሪያል ቁጥሩ ነው ብላችሁ ትስቁ ይሆናል። ግን አሮጌው ቁጥር ከተመለሰ በአሮጌው ስም የተያዘው ታሪክና ንብረትም አብሮ ይመጣል፤ ስለዚህ ሁለቱም ወገን የሚሟገተው በከንቱ አይደለም። ጊዜያዊ አስተዳደሩ ደግሞ የሁለት ዓመት ዕድሜው ሲያልቅ ምርጫ አልተካሄደም ነበር። አዋጅ 359 ተሻሽሎ ጊዜው እንዲራዘም ተደረገ፤ መጋቢት 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ሌተና ጄኔራል ታደሰ ወረደ ተሾሙ።

ሌሎች አገሮችስ? አሜሪካ በባርነት ጉዳይ ስትዋጋ 11 ግዛቶች ተገንጥለናል ብለው ነበር። ከጦርነቱ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1869፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በቴክሳስ ጉዳይ ግዛቶቹ በሕግ ወጥተው አያውቁም ሲል ወሰነ። ኮንግረሱ ግን በ1867 ባወጣቸው የመልሶ ግንባታ ሕጎች አሥሩን በ5 ወታደራዊ ቀጠናዎች ከፋፍሎ ወደ ኅብረቱ ለመመለስ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጦላቸው ነበር። አልወጡም፣ ግን ይመለሱ! ቅደም ተከተሉ ግን ግልጽ ነበር፦ ጥቁር ወንዶችን ጨምሮ መራጭ መዝግቡ፣ አዲስ ሕገ መንግሥት ጻፉ፣ 14ኛውን ማሻሻያ አጽድቁ፣ ያኔ ተወካዮቻችሁ ይገባሉ። ጆርጂያ በ1868 ዓመቱን ከተመለሰች በኋላ ጥቁር የምክር ቤት አባላትን ስታባርር እንደገና በወታደር ሥር ገባች፤ በመጨረሻ የተመለሰችው በ1870 ነው። መንገዱ የጉልበት ነበር፤ ወታደሩ በ1877 ሲወጣም ጥቁሮች ያገኙት መብት ቀስ በቀስ ተነጠቀ። ናይጄሪያ ደግሞ ቢያፍራ ነጻነቷን ከማወጇ ከቀናት በፊት የምሥራቁን ክልል ለሦስት ግዛት ሸነሸነችው፤ በ1970 ጦርነቱ ሲያልቅ እንደ ድሮው የሚመለስ ክልል አልነበረም።

የኛ ችግር ቅደም ተከተሉ ክብ መሥራቱ ነው። ስምምነቱ አንቀጽ 10 ላይ አወዛጋቢ አካባቢዎች "በሕገ መንግሥቱ መሠረት" ይፈታሉ ይላል። ሁለቱም ወገን ይህንኑ ሐረግ ይጠቅሳል፣ የሚረዳው ግን ለየቅል ነው። (ከደሴ በስተሰሜን ያለችው ውጫሌ ታሪኩን ታውቀዋለች፦ በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 በአማርኛና በጣሊያንኛ ተለያይቶ መጨረሻው አድዋ ሆነ።) ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 48 የወሰን ጥያቄ በክልሎቹ ስምምነት፣ ካልተስማሙም በፌዴሬሽን ምክር ቤት በሁለት ዓመት ውስጥ ይወሰናል ይላል። የፌዴሬሽን ምክር ቤት አባላት ደግሞ የሚመረጡት በክልል ምክር ቤቶች በኩል ነው። ትግራይ የተመረጠ ምክር ቤት ከሌላት እዚያ አባል የላትም። ምክር ቤት እንዲኖራት ምርጫ ያስፈልጋል፤ ለምርጫ ተፈናቃይ ቤቱ መግባትና የምርጫ ክልሉ ወሰን መታወቅ አለበት፤ ወሰኑን የሚወስነው ያው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። በ2013ቱ አገራዊ ምርጫ በትግራይ ድምፅ ስላልተሰጠ ከ547ቱ የፓርላማ ወንበሮች የክልሉ 38ቱ ባዶ ቀርተዋል።

ሌላም አለ። ፕሪቶሪያ ላይ የፈረሙት ሁለት ወገኖች ናቸው፤ የአማራና የአፋር ክልሎች ፈራሚ አልነበሩም። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲዘረፍ ሥራውን ያጣ፣ ወይም ደሴ ሆስፒታል ዕቃው ተወስዶ ሕክምና ያጣ ሰው በስምምነቱ ውስጥ የሚገኘው ስለ ሽግግር ፍትሕ በተጻፈው አንቀጽ ብቻ ነው። በጦርነቱ የተጎዳው የትግራይ ተወላጅም ተስፋው እዚያው አንቀጽ ላይ ነው። የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲው በሚኒስትሮች ምክር ቤት የጸደቀው በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ነው።

አንቀጽ 48 ውሳኔው "የሕዝብ አሰፋፈርና ፍላጎት" ላይ ይመሥረት ይላል። የትኛው አሰፋፈር? ከጦርነቱ በፊት የነበረው? አሁን ያለው? ወይስ ሁሉም ተፈናቃይ ከተመለሰ በኋላ የሚኖረው? አላማጣና ኮረም ከደሴ የጥቂት ሰዓት መንገድ ናቸው፤ ይህ ጥያቄ እስኪመለስ ድረስ እዚያ የሚያድግ ልጅ በየትኛው ቋንቋ እንደሚማርና የየትኛውን ክልል መታወቂያ እንደሚይዝ የሚወሰነው አካባቢውን በዚያ ሰዓት በያዘው ኃይል ነው።