ሐይቅን ያየ ሰው

ከደሴ ወደ ወልዲያ ሲኬድ፣ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ሐይቅ ከተማ ትገኛለች። ስሟን ያገኘችው አጠገቧ ካለው ውኃ ነው።

ውኃው ዳር የእስጢፋኖስ ገዳም አለ። ቦታው ድሮ ደሴት ነበር። ዛሬ ከየብስ ስለ ተያያዘ በእግር ይኬዳል። ሴቶች ግን ወደ ወንዶቹ ገዳም አይገቡም።

በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዓ እዚህ ያስተምሩ ነበር። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከሳቸው ዘንድ ተምረዋል። ያን ጊዜ ማተሚያ የለም። ቆዳ ተፍቆ ብራና ይሆናል፤ ከዚያ በእጅ ይጻፍበታል። የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል ከተጻፈ ከ700 ዓመት በላይ ሆኖታል።

በእንግሊዝ አገር ባይበሪ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። የድሮ ሸማኔዎች የኖሩባቸውን የድንጋይ ቤቶች ለማየት ሰው ባሕር ተሻግሮ ይመጣል። ቤቶቹ ቤተ መንግሥት አይደሉም፤ የቆዩት ሰው ስለ ጠበቃቸው ነው።

የኛስ? ብራና ተሰርቆ ከተሸጠ በቀላሉ አይመለስም። ዳገቱ ላይ ያለው ዛፍ ከተመነጠረ ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ ሐይቁ ውስጥ ይከተዋል። ስለዚህ ቅርሱንም ዛፉንም እንጠብቅ።

እናንተም ፊደል ቆጥራችኋል። ሽማግሌዎችንና ባልቴቶችን ስለ ቀያችሁ ጠይቁ። የነገሯችሁንም በደብተር ጻፉት።